የፍላቂቱ ጠርሙስ

ይህ ጽሑፍ ስለ ላቦራቶሪ መሆኑን አይቶ፣ ጸሐፊዎቹም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች መሆናቸውን ሰምቶ «እነዚህ ደግሞ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመካከላችን አንዱ ታሪክ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ጂኦግራፊ ያጠናል። ላቦራቶሪ የሚባለውን ቤት የምናውቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ መምህሩ አንዲት የመስተዋት ቱቦ ከፍ አድርገው ሲያሳዩን ስልሳ ሆነን በር ላይ ተጋፍተን ነው። ሰማያዊው የሊትመስ ወረቀት በአሲድ ውስጥ ቀይ እንደሚሆን በቃላችን አጥንተናል እንጂ ሲሆን በዓይናችን አላየንም። እንግዲህ ሊቅ መስለን አልቀረብንም፤ ወደዚህ ነገር ያስገባን አንድ ጠርሙስ ነው።

ሦስታችንም የፍላቂት ልጆች ነን። ፍላቂትን ለማያውቅ፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር በሚያልፈው፣ አገሬው የቻይና መንገድ በሚለው ጎዳና ላይ የምትገኝ የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ገብስና ባቄላ፣ ብርድና ነፋስ፣ ባሕር ዛፍም አይታጣባትም። ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ የሚሄደው ጎብኚ በመኪና መስኮት አይቶን ያልፋል። ከመቄት ደጋ በሰሜን በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ ይገባል፤ በደቡብ በኩል የሚወርደው ደግሞ በዥጣና በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ጂኦግራፊ የሚያጠናው ጓደኛችን ይህን ሳይናገር ቡና አይጠጣም። እኛ ስንሰለቸው ኖረናል፤ ኋላ ግን ቁም ነገር ሆኖ ስለመጣብን አንባቢ ይህን ይያዝልን።

ባለፈው የጥር ዕረፍት አገር ቤት ገብተን ሳለ ከመካከላችን የአንዱ አክስት ቤት ተጠራን። እኒህ ሴት አረቄ ያወጣሉ፤ አረቄያቸውም የታወቀ ነው። ሲቀዱልን ከመደርደሪያው ያነሡት ጠርሙስ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ክዳኑ ጥቁር ነበር። በወገቡ ላይ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት ተለጥፎበታል። በቀይ መስመር በተከበበ፣ በማዕዘኑ በቆመ ካሬ ውስጥ የሞተ ዓሣና ቅርንጫፉ የረገፈ ዛፍ ተሥሎበታል። ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል የተረፈችው ቃል «ክሎራይድ» የምትል ብቻ ነበረች። ከፊቷ የነበረው ቃል ከወረቀቱ ጋር ሄዷል።

«አክስቴ፣ ይህን ጠርሙስ ከየት አገኙት?»

«ከገበያ ነዋ! ከጦርነቱ በኋላ ሰዉ ሁሉ ዕቃ ሲያወጣ የገዛሁት ነው። ምን የመሰለ ጠርሙስ መሰላችሁ፤ ቢገለበጥ እንኳ ጠብ አያደርግም።»

«ይህ ሥዕልስ?»

«ዓሣ አይደል? የዓሣ ዘይት የነበረበት መስሎኝ። ደግሞ እንዲሁ አልቀዳሁበትም፤ በግራዋ አሽቼ፣ በአመድ አሽቼ፣ በፍል ውኃ ሦስት ጊዜ ለቅልቄ ነው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ አክስታችንን የሚነቅፍ አንባቢ እንዳይኖር እንለምናለን። ጋን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠንን ከእናቶቻቸው የተማሩ ናቸው፤ ለሚያውቁት ዕቃ የሚበቃውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርገዋል። እኛ ግን በየፈተናው ስናልፍ የኖርን ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጠርሙሱን እያዟዟርን ከማየት በቀር የምናውቀው አልነበረም። አማርኛ የሚያጠናው «ክሎራይድ ማለት ጨው ነው፤ ሶዲየም ክሎራይድ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ነው» አለ። ታሪክ የሚያጠናው ደግሞ «ሜርኩሪ ክሎራይድስ?» ብሎ ጠየቀ፤ በድሮ ጊዜ ሰው ራሱን ያጠፋበት እንደነበር አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቧል። ዝም አልን። የብራና መጽሐፍ መጀመሪያውን አይጥ ሲበላው የባለታሪኩ ስም ጠፍቶ ሥራው ብቻ እንደሚቀር ሁሉ፣ ከዚህ ጠርሙስም ላይ ጨውና መርዝ የሚለዩበት አንዱ ቃል ጠፍቷል።

አረቄውን ዋጋውን ከፍለን ገዛንና ከጓሮ ደፋነው። ለጠርሙሱ ምትክ ሁለት አዲስ ዕቃ ገዛንላቸው። «ትምህርት እንዲህ ያደርጋል እንዴ!» ብለው ሳቁብን። ጂኦግራፊ የሚያጠናው ጓደኛችን ከዚያ ቦይ የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ እንደሚሄድ ያስታወሰው አመሻሹ ላይ ነው፤ ያን ቀን ስለ ውኃ መውረጃ ደግሞ አላወራም።

ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ አናውቅም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገብቶ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በቆየበት ጊዜ፣ ብዙ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ መዘረፉና መሰባበሩ የተነገረ ነው። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ አልጋው ሲወሰድ የላቦራቶሪው መደርደሪያም አብሮ ይራቆታል። በመደርደሪያ ላይ ሳለ ለሚያውቀው ሰው ማስጠንቀቂያ የነበረው ዕቃ፣ ገበያ ሲወጣ ጥሩ ክዳን ያለው ጠርሙስ ብቻ ይሆናል።

ጠርሙሱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጋቢ ጠቅልለን፣ መንገድ በተገኘ ቀን በአውቶቡስ ይዘነው መጣን። የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አንባቢው ራሱ ውስጡ ነው ያለው።

የኬሚስትሪ ጓደኞቻችን ጋቢው ሲፈታ ሳቁ፤ ሥዕሉን ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙና ወደ ላቦራቶሪው ረዳት ወሰዱን። እኒህ ሰው ጓንት አጥልቀው ተቀበሉን። መጀመሪያ የጠየቁን «ክዳኑን ስንት ጊዜ ከፈታችሁት?» ብለው ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱን ጀርባችን ቀዘቀዘ፤ ፒክሪክ አሲድ የሚባል አለ፣ እርጥብ ሳለ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ደርቆ በክዳኑ ጥርስ መካከል ከገባ ግን ክዳኑ ሲዞር ሊፈነዳ የሚችል። ኤተርም ሲያረጅ እንዲሁ ያለ ጠባይ ያወጣል። የኛ ጠርሙስ ክሎራይድ በመሆኑ በዚህ በኩል ዕድል ገጥሞናል። ነገር ግን ይህን ስናውቅ አይደለም በጉልበታችን ላይ አቅፈነው የመጣነው።

«ታዲያ ምን እናድርገው?» አልናቸው።

«እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው» አሉና የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱልን።

እዚያ ቤት ያየነውን ሁሉ ብንጽፍ መጽሔቷ አትበቃም። ስማቸው የጠፋ ጠርሙሶች አሉ፤ የኛው የብቻው አልነበረም። ጊዜያቸው ያለፈ አሉ፤ ማን እንዳዘዛቸው፣ ለምን እንደመጡ የማይታወቁ አሉ። መርዛማ ጢስ እየሳበ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሣጥን ማራገቢያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ አሁን ካርቶን ይቀመጥበታል። ዓይን ማጠቢያው ውኃ የለውም። አሲድ የፈሰሰበት ሰው ሮጦ የሚቆምበት ሻወር ደግሞ ካፖርት ይሰቀልበታል።

አንድ ነገር ግን ደስ አሰኝቶን ነበር። ጠርሙሶቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ የመጻሕፍት ቤት ልጆች ነንና «እነሆ ሥርዓት!» አልን። ረዳቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። በፈረንጅ ፊደል ተራ አሴቲክ አሲድና አሞኒየም ናይትሬት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱ ተሰብረው ቢገናኙ ግን ጉርብትናቸው የእሳት ነው። ኬሚካል የሚደረደረው በስሙ ሳይሆን በጠባዩ ነው፤ የሚያቀጣጥለው ከሚቀጣጠለው፣ አሲዱ ከሳያናይዱ ተለይቶ። እርሳቸው ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሌላ መደርደሪያና ሌላ ክፍል ከጠየቁ ቆይተዋል።

ጂኦግራፊ የሚያጠናው ጓደኛችን በበኩሉ ዓይኑ የተተከለው በእጅ መታጠቢያው ላይ ነበር። «ይህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። ሕንፃውን ዞረን ቱቦውን ተከተልን፤ ቱቦው ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ክፍት ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ ዳር ጎመን ተተክሏል። ከጎመኑ ወዲያ ሁለት ላሞች ነበሩ። የላሊበላ ጠራቢዎች ድንጋዩን ሲቦረቡሩ የክረምቱ ዝናብ የሚወጣበትን ቦይ አብረው ጠርበዋል፤ ያን ቦይ ያላየ የላሊበላ ሥራ ግማሹን አላየም። የኛን ላቦራቶሪ የሠራው ግን ውኃው ከአጥሩ ከወጣ በኋላ ያለውን የሌላ አገር አድርጎታል። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። ዓሣው ሜርኩሪውን በላ፣ ድመቱ ዓሣውን፣ ሰውም እንዲሁ። ሰዎቹ መታመማቸው በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ ከመታወቁ በፊት ድመቶቹ እንደ እብድ ይዘሉ ነበር ይባላል። የኛ ቦይ ከዚያ ጋር የሚተካከል አይደለም፤ መጠኑ ትንሽ ነው። ትንሽነቱን ግን የለካው የለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን ሌላ ነው። የላቦራቶሪውን ብርጭቆና ቱቦ የሚያጥቡ አንዲት እናት አሉ። በባዶ እጃቸው ያጥባሉ፤ ጓንት ሲመጣ ለተማሪዎቹ ነው። የጣቶቻቸው ጫፍ ተልጧል። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን አያነቡም፤ አማርኛ ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለተማሩ ያነባሉ።

«እማማ፣ የትኛው ጠርሙስ ምን እንደሆነ በምን ያውቁታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«በሽታው» አሉን።

አማርኛ የሚያጠናው ጓደኛችን ቃሉን ሰምቶ ቀና አለ። እርሳቸው ጠረኑን ማለታቸው ነው፤ ቃሉ ግን ደዌም ማለት ነው። ቅኔ ለመቀኘት አልፈለጉም። አንድ ቀን ተማሪዎች አሲድ ትተውበት የሄዱትን ገንዳ ሊያነጹ በረኪና ደፉበት። በረኪና ከአሲድ ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የታፈነበት ጋዝ ነው። ሮጠው ከበር ወጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስላቸው ቆየ። ምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም ብርድ መሰላቸው። ለዚያ ሳምንት ሳል የተጻፈ መዝገብ የለም፤ በኛ ላቦራቶሪ ታሪክ ውስጥ «አደጋ አልደረሰም» ይባላል።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳንል ሕጉ ሞልቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉ ሰው መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ሁሉም በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ታትመዋል። አዋጁ በአማርኛ ሆኖ ሳለ ጠርሙሱ በአማርኛ አለመሆኑ ገረመን። የወረቀቱ ሕግ ለቢሮ ሰው ተተርጉሟል፤ የጠርሙሱ ሕግ ለሚያጥቡት እናት አልተተረጎመም።

ድኻ ስለሆንን ነው የሚሉንም አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። አገራችን ጊዜ ያለፈበትን ፀረ ተባይ መድኃኒት የምታቃጥልበት ምድጃ አጥታ በ1990ዎቹ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ልካ አስቃጥላለች፤ ለአንድ ቡናማ ጠርሙስ ደግሞ መርከብ አይቀርብም። ነገር ግን ሀብት ያለውም አልዳነም። በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በ1996 እ.ኤ.አ. ዳይሜቲል ሜርኩሪ የሚባል ነገር በጓንታቸው ላይ ጠብ አለባቸው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ነው። ጓንቱ የጎማ ነበር፣ መርዙ አለፈው፣ በዓመቱ ሞቱ። በሎስ አንጀለስም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አየር ሲነካው የሚነድ ኬሚካል በአንዲት የ23 ዓመት ረዳት ላይ ፈሰሰ፤ የላቦራቶሪ ካፖርት አልለበሰችም ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞተች፤ ዩኒቨርሲቲውም ፍርድ ቤት ቀረበ። ዕድሜዋ ከኛ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ካፖርት ይህን ያህል ውድ ነገር አይደለም፤ ወረቀትና ሙጫም እንዲሁ።

ወረቀትና ሙጫ ስንል ቀልድ አይደለም። ከኬሚስትሪ ጓደኞቻችን ጋር ተስማምተን፣ በረዳቱ ፈቃድ፣ ለሁለት ሳምንት ከእራት በኋላ ስም ስንጽፍ አመሸን። በተባበሩት መንግሥታት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የምልክት ሥርዓት 9 ሥዕሎች አሉት፤ ነበልባሉ፣ የራስ ቅሉ፣ እጅና ብረት የሚበላው ጠብታ፣ የኛ ዓሣና ዛፍም ከነዚህ ናቸው። ሥዕሉ ብቻውን እንደማይበቃ ግን አክስታችን አስተምረውናል፤ የሞተውን ዓሣ አይተው ዘይት ጠርጥረዋል። ስለዚህ ከየሥዕሉ ሥር አማርኛ ያስፈልጋል።

ቃል ፍለጋው ጭቅጭቅ አስነሣ። ሥጋና ብረት ለሚበላው ኬሚካል አንዱ «አውዳሚ» ይባል አለ፤ ሌላው መዝገበ ቃላት ገልጦ ከግእዝ አንድ ረጅም ቃል አመጣ። እማማ ጠርሙስ እያጠቡ ይሰሙን ነበርና «ሥጋ ይበላል በሉት» አሉን። ያ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዙውን ቃል ከርሳቸው ወሰድን። «ቢሸት አይጠጉት» የሚለው የርሳቸው ነው፤ «ከበረኪና ጋር አይገናኝ» የሚለውንም ሦስት ጊዜ አስጽፈውናል።

አንድ መምህር በዚህ አልተደሰቱም። «ሳይንስ በአማርኛ ሲቆራረጥ ተማሪው ይሳሳታል» አሉን። ልንመልስላቸው ተዘጋጅተን ሳለ ስሕተቱ ከኛው ወጣ። «ኢንፍላመብል» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ፣ «ኢን» አፍራሽ ነውና፣ «የማይቀጣጠል» ብለን በሙሉ ልብ ጻፍን፤ በአራት ጠርሙስ ላይም ለጠፍን። ረዳቱ በማግስቱ አይተው ደነገጡ። ቃሉ በተቃራኒው ቶሎ የሚቀጣጠል ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ቃል እንግሊዞች ለምን እንደፈጠሩ እነርሱ ይወቁ፤ እኛ ግን የቋንቋ ተማሪዎች ነን ብለን ኮርተን ሰው ልናቃጥል ነበር። ወረቀቶቹን ልጠን አዲስ ጻፍን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ወረቀት አንድ የኛ ሰውና አንድ የኬሚስትሪ ሰው ሳይፈርሙበት አይለጠፍም። መምህሩ በዚህ ነገር እንደረቱን አንክድም፤ ወረቀቱ ግን አልተነሣም።

ከተጻፈው ማመልከቻ መካከል የተማሪዎች ማኅበር ለእማማ ሁለት ጥንድ ወፍራም ጓንትና ቦቲ ጫማ ገዝቷል። ዓይን ማጠቢያው ውኃ አላገኘም፤ «በሚመጣው በጀት» ተብሏል። ቦዩ እንደነበረ ነው፤ ጎመኑም እንዲሁ፤ ለባለጎመኗ ነግረናት «እናንተ ልጆች፣ ልትገዙኝ ካልሆነ ሂዱልኝ» ብላናለች። ከመደርደሪያው ግማሹ በጠባይ ተደርድሯል፤ ግማሹ ክፍል ይጠብቃል።

የፍላቂቱ ጠርሙስ በዕቃ ቤቱ ወለል ላይ፣ በአሸዋ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት «ያልታወቀ። መርዝ ነው ተብሎ ይያዝ። ከፍላቂት» ይላል። የሚመረምረውም የሚወስደውም አልተገኘም።

ባለፈው ሳምንት አክስታችን ስልክ ደወሉ። ስለ ጤናችን፣ ስለ ትምህርታችን፣ ስለ ብርዱ ጠይቀው ሲያበቁ «ጠርሙሴንስ መቼ ነው የምታመጡልኝ?» አሉ። «ምን ነበረበት?» ብለው አልጠየቁም፤ ቢጠይቁን ምን እንደምንላቸው ተነጋግረን አልጨረስንም። ከዚያ ጠርሙስ ስንት ሰው እንደጠጣ ስናስብ አንዳችን የሌላውን ፊት አናይም። እኛም ገና ልጆች ሳለን በየዓመት በዓሉ ከርሳቸው ቤት አንጠፋም ነበር።

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አማርኛ የሚያጠናው ጓደኛችን «አክስቴ፣ ያን ቀን ገበያ ላይ የነበረው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ሣጥን ሙሉ ነበር እንጂ! ሰዉ ተሻምቶ ነው የገዛው። ገረገራም ያሉት ወስደዋል።»

ዘጠኙን ሥዕሎች በትልቁ ሥለን፣ ከየሥራቸው የእማማን አማርኛ ጽፈን፣ ሃምሳ ወረቀት አባዝተናል። መንገድ ከተከፈተ በሚመጣው ዕረፍት ፍላቂት እንገባለን፤ ከአረቄ ቤቶቹ እንጀምራለን።